ስለ ሰው ምሥጢርና ስለ እጅ ስልክ የተነገረ ንግግር



በደብር የኢዮቤልዩ በዓል ስለ ሕንጻው፥ ስለ ጽላቱ አገባብና ስለ ቀደሙት አለቆች መናገር የቆየ ልማድ ነው። የዛሬው ነገር ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ሰው ወደ ቅዳሴ ሲገባ ድምፁን አጥፍቶ በኪሱ ወይም በመቀነቱ ስለሚይዘው ስለ እጅ ስልክና በውስጡ ስላለው ስለ ሰው ምሥጢር ነው። ይህ ነገር ስለ ምን ለደብር በዓል ተመረጠ ቢሉ፥ ምሥጢርን መጠበቅ ከቤተ ክርስቲያን ሥራ የራቀ ስላይደለ ነው።

በኢትዮጵያ ክርስቲያን ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ እናትና አባት ያወጡለት፥ በገበያ፥ በእርሻና በፍርድ ቤት የሚጠራበት ስም ነው። ሁለተኛው ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰይመው የክርስትና ስም ነው። በዚህ ስም ይቆርቡበታል፤ ሲታመሙ ይጸለይበታል፤ ሲሞቱም ይፈቱበታል። የጥንቶቹ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ስም ለባዕድ አይናገሩትም ነበር። መተተኛ የሰውን የክርስትና ስምና የእናቱን ስም ካላወቀ ክፋቱን ሊያደርስበት አይችልም ብለው ያምኑ ነበርና። የመተቱ ነገር እውነት ሆነም አልሆነም፥ ጥንቃቄው ግን ሞኝነት አልነበረም። ክፉ ሰው ክፋቱን የሚሠራው በሌላው ሰው ስም መሆኑን ተረድተው ነበር። ዛሬ በስልክ የሚሰርቅ ሌባ አስቀድሞ የሚፈልገው ሙሉ ስምን፥ የትውልድ ቀንን፥ የእናትን ስምና የስልክን ቁጥር ነው። የባንክ ደብተር ሲከፈት በሚሞላው ወረቀት ላይ የእናት ስም የሚጠየቅበትን ያየ ሰው ይህን ነገር በቶሎ ያስተውለዋል። አያቶች በጆሮ እንኳ ያልተናገሩትን የልጅ ልጆቻቸው በፌስቡክ ገጽ ከነፎቶግራፉ ጽፈው ለዓለም ሁሉ ያሳያሉ።

የንስሐ አባትም ነገር እንደዚሁ ነው። ካህን በንስሐ የሰማውን ለሚስቱ ቢሆን፥ ለደብሩ አለቃ ቢሆን፥ ለዳኛም ቢሆን አይናገርም። ይህ ሥርዓት ባይኖር ማንም ደፍሮ ባልተናዘዘም ነበር። አሁን ግን የንስሐ ልጁ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ስለሚኖር፥ ጭንቀቱን በስልክ የሚያወራ ብዙ ነው። አባትየው ከሰው ጆሮ ራቅ ብሎ ቢያነጋግረውም ስልኩ የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፥ ንግግሩም የቆየበትን ደቂቃ ይመዘግባል። የተነገረውን ሁሉ የሚቀዳ አፕ የተጫነበት ስልክም አለ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጭንቀትን በድምፅ መልእክት መላክ ነው። የተነገረ ቃል ያልፋል፤ የተቀዳው ግን ሌላ ሰው ስልኩን ከፍቶ እስኪሰማው ድረስ ተቀምጦ ይቆያል። የካህን ስልክ በቤት ውስጥ የልጆች መጫወቻ መሆን የማይገባው ስለዚህ ነው። ምሥጢረኛው አባት ቃሉን ጠብቆ ሳለ ስልኩ ቃሉን ያፈርስበታልና።

ጥንት ደብዳቤ በእጅ ተጽፎ፥ ተጠቅልሎ፥ በማኅተም ታሽጎ በመልእክተኛ ይሄድ ነበር። ማኅተሙ ተሰብሮ የደረሰ እንደ ሆነ ተቀባዩ መልእክተኛውን ይጠይቀዋል። መጻፍ የማይችል ሰውም በገበያ ዳር ለተቀመጠው ጸሐፊ ጉዳዩን ይነግረዋል፤ እንግዲህ ያ ጸሐፊ የባልና የሚስቱን ጠብ፥ የእዳውንና የርስቱን ነገር ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስልክ ሽቦ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ሰው ከሩቅ አገር በቃል መነጋገር ሲጀምር፥ ነገሩ ያስደነቃቸውም የሸሹትም ነበሩ። በዚያ ዘመን መስመሩን የሚያገናኘው ስልከኛ በመካከል ተቀምጦ የሚባለውን ሊሰማ ይችል ነበር። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ በስልክ ሲናገር ቃሉን ይመርጥ ነበር። የዛሬ ሰው ሰሚውን በዓይኑ ስለማያየው ሰሚ የለም ብሎ ያስባል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

የመልእክትን ምሥጢር መጠበቅ ከውጭ አገር በቅርቡ የመጣ ሐሳብ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ ሕግ ከፈቀደው በቀር የኢትዮጵያን ሰው የደብዳቤ ምሥጢር ማንም ሊደፍር አይችልም ብሎ ደንግጎ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ሕገ መንግሥት ይህን ነገር አልተወውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ የሰውን ቤትና አካል ያለ ሕግ ከመፈተሽ ከጠበቀ በኋላ፥ በፖስታ፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውን መላላክ ሁሉ ከመደፈር ይጠብቃል፤ ባለ ሥልጣኖችም ይህን መብት እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያዝዛል። ይህም የተጻፈው በ26ኛው አንቀጽ ነው። በ64 ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሕጎች አንዱን ነገር በአንድ ቁጥር መጻፋቸው አጋጣሚ ቢሆንም ለማስታወስ ይመቻል። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ሥራው ግን ሁልጊዜ እንደ ሕጉ አልሄደም፤ ይህም ወደ ኋላ ይነገራል።

አሁን ስልክ ስለ ባለቤቱ የሚያውቀውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከጮቄ ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ በየኮረብታው የቆመው የስልክ ማማ ያለ ሥራ የቆመ አይደለም። የበራ ስልክ ሁሉ ባይደወልበትም እንኳ በአቅራቢያው ካለው ማማ ጋር ዘወትር ይነጋገራል፤ አለሁ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋት ከደጀን ተነሥቶ በሉማሜ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢገባ፥ ማንም በመንገድ ባያየውም መንገዱ በመዝገብ ተጽፏል። ማን ለማን እንደ ደወለ፥ በስንት ሰዓት፥ ስንት ደቂቃ እንደ ተነጋገሩም ይጻፋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች ይህን የመላላክ መዝገብ 1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። የተባለው ቃል ባይሰማም መዝገቡ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ለሐኪም፥ ቀጥሎ ለጠበቃ፥ ቀጥሎ በሌሊት ለወንድሙ የደወለ ሰው ምን እንደ ደረሰበት ለመገመት ቃሉን መስማት አያስፈልግም።

ይህ የሩቅ ነገር ነው፤ ብዙውን ሰው የሚጎዳው ግን የቅርቡ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በደምበጫ፥ በብቸናም ሆነ በሞጣ፥ በገበያ ቀን ሰው ስልኩን ለጠጋኝ ሰጥቶ ጨው ሊገዛ ይሄዳል። መስታወቱ የተሰበረ ይጠገናል፤ ባትሪው ያለቀ ይሞላል፤ መዝሙርና ስብከት የሚፈልግም ሚሞሪውን አውጥቶ ያስጭናል። ይህ ሁሉ ቅን ሥራ ነው፤ በእርሱም ብዙ ወጣቶች እንጀራ ይበላሉ። ነገር ግን መዝሙር የሚገባበት ገመድ ፎቶግራፍም የሚወጣበት ያው ገመድ ነው። ጠጋኙ ስልኩ መሥራቱን ለማየት የይለፍ ቃሉን ቢጠይቅ ሰው ሳያስብ ይነግረዋል። አንድ ገበሬ የጎተራውን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ ወደ ገበያ አይሄድም፤ ስልኩን ግን እንዲሁ ያደርገዋል። ቢቻል እስኪሠራ ድረስ አጠገቡ መቀመጥ፥ ባይቻል ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥቶ መስጠት፥ መዝሙሩንም ምንም ሌላ ነገር በሌለበት በተለየ ሚሞሪ ማስጫን ይሻላል። አሮጌ ስልኩን የሚሸጥ ሰውም ፎቶግራፉን አንድ በአንድ ስለ ደመሰሰ ብቻ ጠፋ ብሎ አይመን፤ ስልኩን እንደ አዲስ የሚመልሰውን ትእዛዝ በሴቲንግ ውስጥ ፈልጎ ሁሉን ያጥፋው። እንዲህ ያላደረገ ሰው ቤቱን ከነሣጥኑና ከነወረቀቱ የሸጠን ሰው ይመስላል።

ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ያለ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ በስልክ ይልካል፤ ይህም መንገድ ሳይሄዱ፥ ወንበዴ ሳይፈሩ ስለሚደርስ ትልቅ በረከት ነው። እናቲቱ ግን መልእክቱን ማንበብ አትችልምና ለጎረቤት ልጅ ወይም ለባለ ሱቁ ስልኩን ትሰጠዋለች፤ የምሥጢር ቁጥርዋንም በቃል ትነግረዋለች። ቁጥሩን የማታውቅ ብትሆን የሚያውቀው ባለ ሱቁ ብቻ ይሆናል። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ቢሆንም በገንዘቡ ላይ ሁለተኛ ባለቤት ሆነ። ለዚህ የሚሻለው ብልሃት አሮጊቲቱን ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ማስተማር ነው፤ ፊደል ከመቁጠር ይልቅ ይህ ይቀላል። ዐሥር ምልክት የለየች እናት ቁጥርዋን ራስዋ ነክታ ስልኩን መልሳ ትሰጣለች። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች ከቅዳሴ በኋላ በአጸዱ ሥር ይህን ቢያስተምሩ በሁለት ሰንበት ይጨርሱታል።

በስልክ የሚመጣውም ሌባ የታወቀ አነጋገር አለው። ዕጣ ወጥቶልዎታል ይላል፤ ከባንክ ነው የምደውለው ይላል፤ ወይም በወዳጅ ስም ገብቶ፥ በስህተት ወደ አንተ ስልክ ቁጥር መጥቶብኛልና ላክልኝ ይላል። ያ በአጭር መልእክት የመጣው ማረጋገጫ ቁጥር የቤት መክፈቻ ነው። እርሱን የላከ ሰው ቴሌግራሙን ወይም የባንክ ሒሳቡን አሳልፎ ሰጠ። ሌባውም በተሰረቀው ሰው ስም ሆኖ ለዘመዶቹ ሁሉ ተቸግሬአለሁ ገንዘብ ላኩልኝ ብሎ ይጽፋል፤ አዛኝ ዘመድ ደግሞ ይልካል። ባንክም ሆነ ቴሌ ያን ቁጥር ወይም የምሥጢር ቁጥርን ከሰው በስልክ አይጠይቅም። በቴሌግራም ላይ ከማረጋገጫው ቁጥር ሌላ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማኖር ይቻላል፤ ይህን ያደረገ ሰው ቁጥሩን ቢሳሳት እንኳ በሩ በሁለተኛ መቀርቀሪያ ይጠብቀዋል።

ስለ ምሥጢራዊ ጽሕፈት ሲነገር ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በዲማ ጊዮርጊስና በዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ሰምና ወርቅን ያውቃልና። ሰሙን ሁሉ ይሰማዋል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን መፍቻው ያለው ነው። በኢንተርኔት መልእክትን መሰወርም ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን ከቅኔ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቅኔን ብልህ ሰው አስቦ ይፈታዋል፤ በቁጥር የተሰወረውን መልእክት ግን መፍቻው ቁጥር በእጁ የሌለ ሰው፥ ዕድሜውን ሁሉ ቢያስብበት አይፈታውም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ዋትስአፕ መልእክቶችን ሁሉ እንዲህ ሰውሮ ይልካል፤ መፍቻው በላኪውና በተቀባዩ ስልክ ብቻ ስለሚቀመጥ በመካከል ያለው ኩባንያ እንኳ ቃሉን አያነበውም። ሆኖም የመልእክቶቹ ቅጅ በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ የተደረገ እንደ ሆነ ያ ቅጅ ለብቻው ካልተቆለፈ የተሰወረ አይደለም።

ብዙ የኢትዮጵያ ሰው የሚወደው ቴሌግራም ግን እንደዚህ አይደለም፤ ይህንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። በቴሌግራም የሚጻፈው ተራ መልእክት በመንገድ ይሰወራል፤ ነገር ግን በኩባንያው ቤት ይቀመጣል፤ መፍቻውም በኩባንያው እጅ ነው። በላኪና በተቀባይ መካከል ብቻ የሚቀረው ሴክሬት ቻት የሚባለውን መርጦ የጻፈ እንደ ሆነ ነው። የማኅበርና የደብር ግሩፖች ሁሉ በተራው መንገድ የሚሄዱ ናቸው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ኩባንያው የሕግ ትእዛዝ ሲቀርብለት የተጠቃሚውን የስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለመንግሥታት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ተራው የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተገለጠ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ፥ ስልክ በሚሠራበት ቦታ ለሰው የቀረለት ይኸው ያልታሸገው መንገድ ብቻ ነበረ። መዘጋቱ ወሬን ብቻ ሳይሆን ማኅተምንም እንደሚወስድ ያን ጊዜ ያስተዋለ ብዙ አልነበረም።

ሰው የራሱን ምሥጢር ቢሰጥ በራሱ ላይ ነው ይባል ይሆናል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። አንድ አፕ ሲጫን የስልክ ማውጫህን ልይ ብሎ ይጠይቃል፤ ባለስልኩም ሳያነብ እሺ ይላል። በዚያች አንዲት እሺ የጎረቤቱ፥ የንስሐ አባቱ፥ የሐኪሙና የእኅቱ ቁጥር ከነስማቸው ለማያውቁት ኩባንያ ይተላለፋል፤ ከእነርሱ አንዱም አልተጠየቀም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የተገለጠው የካምብሪጅ አናሊቲካ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በፌስቡክ ላይ የቀረበውን የጠባይ መመርመሪያ ጨዋታ የሞሉት ወደ 270,000 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ጨዋታው የወዳጆቻቸውን ነገር አብሮ ይለቅም ስለ ነበረ፥ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ታሪክ ለምርጫ ቅስቀሳ በሚሠራ ኩባንያ እጅ መግባቱን ፌስቡክ ራሱ ተናግሯል። አንዱ ሰው ሳያስብ ስለ ከፈተው በር ሦስት መቶ የሚያህሉ ጎረቤቶች ተዘረፉ ማለት ነው። ፌስቡክና ጉግል አገልግሎታቸውን ያለ ዋጋ የሚሰጡት ከማስታወቂያ ስለሚያገኙ ነው፤ የማስታወቂያውም ዋጋ የሚጨምረው ሰውየው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚፈራ በታወቀ መጠን ነው። የእጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ የሰውን የስልክ ማውጫና ያለበትን ቦታ ስለ ምን ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ከልክል የሚለውም ቃል በዚያው ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ባለ ኃይል ሆን ብሎ የሚሰማ ሲሆን ነው። በየካቲት 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የሚኖር ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ የአሜሪካ ዜጋ የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዘመዶቹ እንዳይጎዱበት ፈርቶ ስሙን ሰውሮ ኪዳኔ በሚል ስም እንዲከራከር ተፈቀደለት። የክሱ ነገር እንዲህ ነው፤ በኢሜይል የደረሰውን አንድ ጽሑፍ ሲከፍት ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ገባ፤ ለወራትም የስካይፕ ንግግሩን፥ የጻፈውንና ያነበበውን ሁሉ እየቀዳ ወደ ኢትዮጵያ ላከ አለ። በቤቱ ያሉት ሁሉ በዚያ ኮምፒዩተር ይጠቀሙ ስለ ነበረ፥ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ የፈለገው የታሪክ ነገር እንኳ በቀረጻው ውስጥ ተገኘ። ሰላዩ ፖለቲከኛን ሲፈልግ የሕፃኑን ደብተር አብሮ ወሰደ ማለት ነው። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት ሥራው በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ ክሱን ዘጋው፤ ስለላው ተደረገ ወይም አልተደረገም የሚለው ሳይፈረድበት ቀረ።

በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የሚባለው የምርምር ቤትም በዚያ ዘመን ብዙ ገልጧል። በ2006 ዓ.ም. በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በሚባል የኢጣልያ ኩባንያ መሣሪያ እንደ ተነጣጠረባቸው ጻፈ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ ለዚሁ እንደ ዋለ አስታወቀ፤ የሚላከውም ኢሜይል ይህን ቪዲዮ ለማየት አዲስ ፍላሽ ጫን የሚል ነበር። እጅግ የሚያስገርመው ግን የሰላዮቹ የራሳቸው መዝገብ ሳይቆለፍ በኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆኖ ተገኝቶ፥ ተመራማሪዎቹ እነማን እንደ ተያዙ ከዚያ ማንበባቸው ነው። የሌላውን ደጅ የሚሰብር ሰው የራሱን ደጅ መዝጋት እንዲረሳ ከዚህ ይታወቃል። እነዚህ መሣሪያዎች በተዓምር አልገቡም፤ በአብዛኛው ያልተጠበቀ ጽሑፍ ወይም ሊንክ በወዳጅ አነጋገር ደርሶ ሰው ስለ ከፈተው ነው። ያልተጠበቀ ነገር የደረሰው ሰው ላኪውን በድምፅ ደውሎ ይህን አንተ ነህ የላክኸው ብሎ መጠየቁ፥ ስልኩም አዲስ እትም ሲመጣለት አለማዘግየቱ ለተራው ሰው ከሁሉ የሚበልጥ መከላከያ ነው።

የሴቶች ልጆች ፎቶግራፍ ነገር በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። ልጅቱ ለእጮኛዋ አምና የላከችውን ሥዕል፥ ዕርቅ ከፈረሰ በኋላ ለሰው አሳያለሁ ብሎ የሚያስፈራራ ይገኛል። ብዙ ቤተ ሰብ ነገሩን የሰማ እንደ ሆነ አስቀድሞ ልጅቱን ይቆጣል። ይህ አካሄድ አስፈራሪውን ይጠቅመዋል እንጂ ልጅቱን አያድናትም፤ የእርሱ ኃይል ሁሉ የእርስዋ ፍርሃት ነውና። በኮምፒዩተር ማስፈራራትና የሰውን ክብር ማዋረድ በአዋጅ ቁጥር 958 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። መልእክቱን ሳይደመስሱ ማስቀመጥ፥ ገንዘብ አለመክፈል፥ ለሚታመን ዘመድና ለፖሊስ ማሳየት ይገባል። አባት የተባለ ሰው በዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይሁን የሚለውን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥራ በተበላሸበት ሌሊት ብዙ ሰዎች የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲጥር ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በቅርንጫፎቹ ደጅ ለጠፈ። የሰው ገንዘብ መመለስ እንዳለበት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ሰው ለባንክ ፎቶግራፉን የሰጠው ደብተር ለመክፈት ነው፤ በደጅ እንዲለጠፍ አይደለም። በዚያው ወር በ26 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥሩም 1321 ነው። የአዋጁ ሐሳብ ሰው ለአንድ ጉዳይ የሰጠው መረጃ ያለ ፈቃዱ ወይም ያለ ሕግ ለሌላ ጉዳይ አይዋል የሚል ነው። ባለመረጃው የተጻፈበትን ለማየት፥ ስህተቱን ለማስተካከል፥ በተወሰነ ሁኔታም ለማስፋቅ ይችላል። መረጃ የሚይዝ ድርጅትም መዝገቡ የተሰረቀ እንደ ሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው፥ ማለት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። ፋይዳ የተባለውም መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የቆመ ነው፤ የዐሥሩን ጣት አሻራ፥ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊትን መልክ ይወስዳል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ ጣትና ዓይን ግን አይለወጥም። ስለዚህ የፋይዳን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጠየቀ ሁሉ በቴሌግራም መላክ ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ ነው።

ይህ ሕግ ድርጅቶችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ካለ የሰበካ ጉባኤውን መዝገብ ይመልከት። በመዝገቡ ውስጥ የምእመኑ ስምና የክርስትና ስም፥ የሚስቱና የልጆቹ ስም፥ የስልኩ ቁጥር፥ የሚከፍለው አስተዋፅኦና ያልከፈለበት ወር ተጽፏል። አዋጁ የሰውን ሃይማኖት የሚገልጥ መረጃ ከሌላው ይልቅ እንዲጠበቅ ከሚላቸው ወገን ነው። ይህ መዝገብ ቀድሞ በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን በብዙ ደብር በአንድ አገልጋይ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ያም አገልጋይ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። እንደዚሁም የታመሙ ሰዎች ጸሎት እንዲደረግላቸው በደብር ግሩፕ ላይ ሲለመን፥ ዓለማዊ ስማቸው፥ የተኙበት ሆስፒታልና የሕመማቸው ዓይነት ይጻፋል። ሁለት መቶ ሰው ያነበበው ሕመም ለታማሚው ከአልጋው ሲነሣ ይጠብቀዋል፤ ሥራ ሲፈልግም፥ ልጁን ሲድርም ይከተለዋል። ለጸሎት የሚያስፈልገው ግን የክርስትና ስሙ ብቻ ነው፤ ካህኑም በቅዳሴ የሚጠራው እርሱኑ ነው።

ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ብዙ ሰዎች ባሉበት ተከፍቶ ይቆጠራል። የምእመናን መዝገብም በዚሁ ሥርዓት ቢያዝ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። መዝገቡ የደብሩ በሆነ ኮምፒዩተር ይጻፍ፤ የይለፍ ቃሉን አለቃው ወይም ጸሐፊውና አንድ የሰበካ ጉባኤው አባል ይወቁት፤ ቅጂው በወረቀት ታትሞ በዕቃ ቤት ይቆለፍ፤ ከአገልግሎት የሚሰናበት ሰው በስልኩ የያዘውን በሁለት ሰው ፊት ይደምስስ፤ የይለፍ ቃሉም በዚያው ቀን ይለወጥ። በግሩፑ ላይ የታመመ ሰው ሲታወቅ፥ ወለተ ጊዮርጊስን በጸሎት አስቡ ተብሎ ብቻ ይጻፍ።